የወረሱት አሮጌ የጠመንጃ መነጽር ለአደን ይበቃል? ከተኩስ በፊትና በተኩስ ላይ የሚደረግ ምርመራ

ከአባት ወይም ከአያት ጠመንጃ ጋር አብሮ የሚወረስ መነጽር (ስኮፕ) ብዙ ጊዜ የሚመረመረው በተሳሳተ ጥያቄ ነው። ወራሹ መስኮት ከፍቶ ሩቅ ያለ ዛፍ ያይበታል፤ ቅጠሉ ጥርት ብሎ ከታየው «አሁንም ደህና ነው» ብሎ ያስቀምጠዋል። የመነጽር ዋና ሥራ ግን ማጉላት አይደለም፤ መስቀሉን (ውስጡ የሚታየውን የማነጣጠሪያ መስመር) ባስቀመጡበት ቦታ ማቆየት ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ሥራው በዝናብና በብርድ ውስጡ ደረቅ ሆኖ መቆየቱ ነው። ጥራት ሦስተኛ ነው። ብዥ ያለ መነጽር የያዘ አዳኝ እንደማያይ ስለሚያውቅ አይተኩስም። ጥርት አድርጎ የሚያሳይ፣ መስቀሉ ግን የሚንሸራተት መነጽር የያዘ አዳኝ ተማምኖ ይተኩሳል፤ እንስሳውን ያቆስለዋል።

ስለዚህ ምርመራው ቅደም ተከተል አለው። ጥይት የማያስወጣው ሁሉ ይቅደም፤ አብዛኛው የማይረባ መነጽር ጠረጴዛ ላይ እያለ ይታወቃልና።

ከሁሉ በፊት ካዝናውን ያውጡ፤ መዝጊያውን ከፍተው ጠመንጃው እንዳልጎረሰ በዓይንም በጣትም ያረጋግጡ። መዝጊያው የሚወጣ ዓይነት ከሆነ አውጥተው ሌላ ክፍል ያስቀምጡት፤ በመነጽር ሲያዩ አፈሙዙ ወዴት እንደዞረ መርሳት ቀላል ነው። የጠመንጃው ወረቀትም በስምዎ ሳይዞር ከቤት አይውጣ። ከዚያ ምንም ብሎን ሳይነኩ ፎቶ ያንሱ፤ መስቀሉን ወደ ላይና ታች፣ ወደ ግራና ቀኝ በሚያንቀሳቅሱት ሁለት ማስተካከያዎች ላይ መርፌው ያረፈበትን ቁጥር ይጻፉ። ያ ቁጥር የቀድሞው ባለቤት የተወልዎ ብቸኛ መረጃ ሊሆን ይችላል።

ምን ዓይነት መነጽር ነው?

የቱቦውን ውፍረት በካሊፐር ይለኩ። ቁጥሩ ከማንኛውም የፋብሪካ ጽሑፍ በላይ ይናገራል። 25.4 ሚሊሜትር፣ ማለትም አንድ ኢንች፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በአሜሪካና በጃፓን መነጽሮች ላይ የተለመደ ልክ ነው። 26 ሚሊሜትር ካገኙ ቀደም ያለ የጀርመን ወይም የኦስትሪያ ሥራ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። 30 ሚሊሜትርም መነሻው አውሮፓ ነው። 22.2 ሚሊሜትር (7/8 ኢንች) እንደ ላይማን አላስካን ያሉ የቀድሞ የአሜሪካ አደን መነጽሮች ልክ ነው። 19 ሚሊሜትር (3/4 ኢንች) ላይ ግን መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ከጦርነቱ በፊት የነበሩት የአሜሪካው ዊቨር ፋብሪካ መነጽሮች በዚህ ውፍረት ቢሠሩም፣ አብዛኛው ባለ 19 ሚሊሜትር ቱቦ ለ.22 (ትንሽ ጥይት ለሚተኩስ) ጠመንጃ የተሠራ ርካሽ መነጽር ነው። ርግጫ ለማይሰማበት ጠመንጃ የተሠራ ስለሆነ ትልቅ ጠመንጃ ላይ ቢያስሩት ውስጡ ይፈታል፤ ምርመራው እዚሁ ያበቃል።

26ን ከ25.4 የሚለየው 0.6 ሚሊሜትር ብቻ ነው። «ትንሽ ጠበቅ ካደረግኩት ይገባል» የሚባለውም ለዚህ ነው። ቀለበቱ ሲጠብቅ ቱቦው ይጨፈለቃል፤ ቱቦው ውስጥ መስቀሉን የሚያንቀሳቅሰው ሁለተኛ ቀጭን ቱቦ መፈናፈኛ ያጣል። ከዚያ በኋላ ማስተካከያው ይዞራል፣ መስቀሉ ግን አይከተለውም።

ዕድሜውን የሚጠቁሙ ሌሎች ምልክቶችም አሉ። ሌንስን ነጸብራቅ በሚቀንስ ስስ ሽፋን መሸፈን እ.ኤ.አ. በ1935 በጀርመኑ ዛይስ ፋብሪካ አሌክሳንደር ስማኩላ የፈለሰፈው ነገር ነው፤ በአደን መነጽር ላይ የተለመደው ግን ከጦርነቱ በኋላ ነው። ውስጡን በናይትሮጅን ሞልቶ ጉም እንዳይዝ ማድረግ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1947 በሊዮፖልድ ፋብሪካ ተጀመረ። ዳሩ ወፍራም፣ መሐሉ ቀጭን የሆነው «ዱፕሌክስ» የሚባለው መስቀል የመጣው እ.ኤ.አ. በ1962 ስለሆነ፣ የእርስዎ መነጽር እሱን ከያዘ ቢያንስ መስቀሉ ከዚያ ዓመት ወዲህ ነው።

አንድ ማስተካከያ ብቻ ያለው መነጽር ካጋጠመዎት ሁለተኛው ጠፍቶ አይደለም። ብዙ የቀድሞ የጀርመን መነጽሮች በራሳቸው ላይ የከፍታ ማስተካከያ ብቻ ነበራቸው፤ ግራና ቀኙ የሚስተካከለው ከሥር ባለው መቀመጫ ላይ ነው። ይህን ሳያውቁ መቀመጫውን የለወጡ ሰዎች ጠመንጃው ለምን ወደ ጎን እንደሚተኩስ ሲጨነቁ ይኖራሉ።

ብርጭቆው

አቧራውን መጀመሪያ በአየር መንፊያ ያራግፉ፤ ቀጥሎ በለስላሳ ብሩሽ፤ መጨረሻ ላይ በሌንስ ወረቀት ይጥረጉ። በሸሚዝ ጫፍ አይጥረጉ፤ ሌንስ ላይ ያለች አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ለሽፋኑ ምላጭ ናት። ፈሳሹን ወረቀቱ ላይ እንጂ ሌንሱ ላይ አያንጠባጥቡ፤ በዳሩ ሰርጎ ይገባል።

ከዚያ በጨለማ ክፍል ውስጥ የእጅ ባትሪ በፊት ሌንስ በኩል በሰያፍ እያበሩ በዓይን ሌንስ በኩል ወደ ውስጥ ይመልከቱ። አራት ነገር ይፈልጋሉ።

ጥቂት የአቧራ ነጠብጣቦች ምንም አይደሉም፤ እያንዳንዱ አሮጌ መነጽር አለው። እንደ ሸረሪት ድር ወይም እንደ ቅርንጫፍ የተዘረጋ ክር ካዩ ሻጋታ ነው። ሻጋታ ሽፋኑን ይበላል፤ ቢጠረግም ጠባሳው ይቀራል፤ እርጥበት ገብቶ እንደነበረም ማስረጃ ነው። እንደ ስስ ጭጋግ እኩል የተነጠፈ ሽፍታ ከሆነ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከማስተካከያው ግራሶ በዓመታት ውስጥ የተነነ ቅባት ነው፤ መነጽሩን የሚከፍት ባለሙያ ሊያጸዳው ይችላል። አራተኛው በሌንሱ ዳር የሚታይ የቀስተ ደመና ቀለበት ወይም የበረዶ ቅርጽ ያለው ነጭ ቁራጭ ነው። ሁለት ሌንሶችን የሚያጣብቀው ካናዳ ባልሳም የሚባል የዛፍ ሙጫ ሲላቀቅ የሚመጣ ነው። ዳር ላይ 2 ወይም 3 ሚሊሜትር ብቻ ከሆነ ይሠራል፤ ግን ያድጋል። መሐል ላይ ከደረሰ ለአደን ይተዉት።

ከነጭ ወረቀት ፊት ይዘው ሲያዩበት ወረቀቱ ወደ ቢጫ ካደላ ወይ ሙጫው አርጅቷል፣ ወይ ደግሞ በቀድሞ የጦር ኃይል መነጽሮች ውስጥ አልፎ አልፎ እንደሚገኘው ቶሪየም ያለበት ብርጭቆ ነው። የኋለኛው ተይዞ ቢታይበት የሚያስፈራ ባይሆንም አይፍጩት፣ አይሰባብሩት። በጨለማ እንዲያበራ በራዲየም ቀለም የተቀባ ክፍል ያለውን ግን ጨርሶ አይክፈቱ። በትሪቲየም የሚበራ መስቀል ካለው ደግሞ መብራቱ በየ12.3 ዓመቱ በግማሽ እንደሚቀንስ አስበው አይመኩበት።

ሽፋኑን ለማወቅ ሌንሱን ከአምፖል ሥር ያዘንብሉት። ነጸብራቁ ነጭ ከሆነ ሽፋን የለውም፤ ሰማያዊ ወይም ሐምራዊ ከሆነ ባለ አንድ ሽፋን ነው፤ አረንጓዴና ድብልቅልቅ ቀለም ካለው በርካታ ሽፋን አለው። ሽፋን የሌለው እያንዳንዱ የብርጭቆ ገጽ ከሚያልፈው ብርሃን ከመቶ 4 ገደማ ይመልሳል። አንድ መነጽር 10 ገጽ ቢኖረው ዓይንዎ የሚደርሰው ከመቶ 66 ብቻ ነው። ባለ አንድ ሽፋን ሲሆን ወደ 86 ይጠጋል። የሚመለሰው ብርሃንም አይጠፋም፤ ቱቦው ውስጥ ይንከራተትና ፀሐይ ዝቅ ስትል ምስሉን በነጭ መጋረጃ ይሸፍነዋል። ለአዳኝ ከብርሃን ማነሱ ይልቅ ይህ መጋረጃ ይበልጥ ይጎዳል።

ይህን ከሰማ በኋላ መነጽሩን ወደ መጣል የሚቸኩል አለ፤ እኔ አልመክርም። ምክንያቱ ቀላል ሒሳብ ነው። የፊት ሌንሱን ስፋት ለማጉላት መጠኑ ሲያካፍሉት ወደ ዓይን የሚወጣውን የብርሃን ክብ ስፋት ያገኛሉ። አሮጌ 4 በ32 መነጽር (4 ጊዜ የሚያጎላ፣ የፊት ሌንሱ 32 ሚሊሜትር የሆነ) 8 ሚሊሜትር ይሰጣል፤ አዲስ ከ3 እስከ 9 በ40 ግን 9 ላይ ሲደረግ 4.4 ሚሊሜትር ብቻ። የሰው ዓይን ብሌን በጨለማ በወጣትነት እስከ 7 ሚሊሜትር ይከፈታል፤ በዕድሜ ወደ 5 ይወርዳል። ስለዚህ ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ጤነኛ አሮጌ ባለ 4 በከፍተኛ ማጉላት ላይ ካለ አዲስ መነጽር የማያንስበት ጊዜ አለ።

በወሬ ከመከራከር ምሽት ላይ ይሞክሩት። ቡናማ ካርቶን ላይ 20 ሴንቲሜትር ክብ በጥቁር እርሳስ ሥለው፣ በ100 ሜትር ርቀት ጥላ ውስጥ ያቁሙት። አጠገቡ በጥራቱ የሚያምኑት ሌላ መነጽር ይያዙ። በየ5 ደቂቃው በሁለቱም እያዩ፣ ክቡም መስቀሉም አንድ ላይ መታየት ያቆሙበትን ሰዓት ለእያንዳንዱ ይጻፉ። «መስቀሉም» የሚለው ቃል እዚህ ላይ ከባድ ነው። በብዙ አሮጌ መነጽሮች እንስሳው እየታየ ከፀጉር የቀጠነው መስቀል ቀድሞ ይጠፋል። ሦስት ወፍራም እንጨት የመሰለው የቀድሞው የጀርመን መስቀል በዚህ ፈተና ብዙዎችን ያሸንፋል።

መስቀሉ ይታዘዛል?

እዚህ ላይ ጊዜዎን ያጥፉ። የሚያስፈልገው ሞርሳ፣ የጎማ ቁራጭና ባለ መስመር ወረቀት ነው። መነጽሩን በራሱ ቱቦ ሞርሳ ውስጥ አይንከሱት፤ ከጠመንጃው ጋር እንዳለ ሰደፉንና የእንጨቱን ፊት በጎማ ሸፍነው ያጥብቁ፣ ወይም በአሸዋ ከረጢቶች መሐል እንዳይነቃነቅ አድርገው ይቅበሩት።

ቆቦቹን ይክፈቱና ማስተካከያዎቹን በጣት ብቻ ያዙሩ። የማይዞር ከሆነ በፒንሳ አይታገሉ፤ የደረቀ ግራሶ ነው፤ ጉልበት ከተጨመረበት የነሐሱ ጥርስ ይላጣል። ክፍሉን ሞቅ አድርገው ለአንድ ቀን ትተውት እንደገና ይሞክሩ። የሚዞር ከሆነ ከዳር እስከ ዳር ከአምስት እስከ አሥር ጊዜ ያመላልሱት፤ የረጋው ቅባት ይላላል፣ የተኛው ሞላም ይነቃል። ዳር ሲደርስ አያስጨንቁት። «ቀጭ» የሚል ድምፅ ካልሰሙ ብልሽት ላይሆን ይችላል፤ ብዙ አሮጌ ማስተካከያዎች ክሊክ የላቸውም፣ በግጭት ብቻ የሚቆሙ ሆነው በመስመር የተከፋፈሉ ናቸው።

ከዚያ በ50 ሜትር ላይ ባለው ወረቀት ላይ መስቀሉ ያረፈበትን ነጥብ ይመዝግቡ። አንድ ኤምኦኤ (የማዕዘን ደቂቃ) በ100 ሜትር 29 ሚሊሜትር፣ በ50 ሜትር ደግሞ 14.5 ሚሊሜትር ነው። ክሊኩ ሩብ ኤምኦኤ ከሆነ 40 ክሊክ በ50 ሜትር መስቀሉን 145 ሚሊሜትር ሊያንቀሳቅሰው ይገባል። ወደ ላይ ሲያዞሩት መስቀሉ በወረቀቱ ላይ ወደ ታች ይወርዳል፤ ትክክል ነው፣ ጠመንጃው ስለታሰረ ነው። ከዚያ 40 ክሊክ ይመልሱት።

እዚህ ሁለት ስሕተት ሊታይ ይችላል፤ ክብደታቸው ግን እኩል አይደለም። ከ145 ይልቅ 135 ወይም 155 ሚሊሜትር ቢሄድ ለአደን ብዙም አያሳስብም። አንዴ ካስተካከሉት በኋላ የማይነኩት ነገር ነውና፣ ትንሽ አበዛ ወይም አሳነሰ የሚያስወጣዎ ሁለት ተጨማሪ ጥይት ነው። ሲመለስ መነሻው ነጥብ ላይ ካላረፈ ግን ችግር ነው። ሦስት ጊዜ ይደጋግሙት። በየጊዜው ሌላ ቦታ የሚያርፍ ከሆነ የውስጡን ቱቦ የሚገፋው ሞላ ደክሟል።

የደከመ ሞላ ሌላም ምልክት አለው፦ የመጀመሪያዎቹን አራትና አምስት ክሊኮች ሲያዞሩ ምንም አይሆንም፤ ከዚያ መስቀሉ በአንዴ ይዘላል። ለዚህ የቆየ መላ አለ። ከሚፈልጉት ቁጥር አሥር ክሊክ አልፈው ተመልሰው ይምጡ፤ ሁልጊዜም ሞላውን በሚጫን አቅጣጫ ይጨርሱ፤ ከዚያ በካቻቪቴ የፕላስቲክ እጀታ ማስተካከያውን ሦስት ጊዜ ቀስ አድርገው መታ መታ ያድርጉት። መላው ለቀላል ስንፍና ይበቃል። መታ በተደረገ ቁጥር መስቀሉ የሚሄድ መነጽር ግን በርግጫም እንደሚሄድ ይወቁ።

ስለዚህ መታ ማድረግ ራሱ ፈተና ነው። መስቀሉን ነጥብ ላይ አድርገው ጠመንጃው እንደታሰረ ቱቦውን በፊት፣ በኋላና በጎን በዚያው እጀታ አሥር አሥር ጊዜ ይምቱ፤ ደግመው ይመልከቱ። መስቀሉ ከነጥቡ ንቅንቅ ማለት የለበትም። ባለ ብዙ ማጉላት ከሆነ ደግሞ ቀለበቱን ከዝቅተኛው ወደ ከፍተኛው እያዞሩ መስቀሉን ይከታተሉ። ብዙ የድሮ አውሮፓ ሥራዎች መስቀላቸው ከምስሉ ጋር አብሮ ያድጋል፤ እነዚህ ሲዞሩ የመምቻ ነጥብ አይለውጡም። መስቀሉ ሳያድግ ምስሉ ብቻ የሚያድግባቸው ግን ሲላሉ ነጥብ ይለውጣሉ። በ50 ሜትር ከ2 ሴንቲሜትር በላይ ከተንሸራተተ አንድ የማጉላት ቁጥር መርጠው በፕላስተር አስረው ይጠቀሙ።

መስቀሉ ከመሐል ወጥቶ ጥግ ላይ ቢታይ አይደንግጡ። እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹና ከ1960ዎቹ በፊት በተሠሩት ውስጥ መስቀሉ ራሱ ስለሚንቀሳቀስ ማስተካከያውን በተጠቀሙ መጠን ከመሐል ይወጣል። ይህ ጉዳት አይደለም፤ መቀመጫው ጠማማ መሆኑን የሚነግር ምልክት ነው። መድኃኒቱ ማስተካከያውን መሐል ላይ መልሶ መቀመጫውን ከሥሩ ማቅናት ነው።

መሐሉን ለማግኘት የካርቶን ሳጥን ሁለት ጎን ላይ የ«ቪ» ቅርጽ ቆርጠው መነጽሩን ያስቀምጡበትና በቦታው ያሽከርክሩት። መስቀሉ ክብ እየሠራ ከተሽከረከረ የክቡን ግማሽ ያህል ያስተካክሉ፤ እስኪቆም ይድገሙት። ቱቦው መጣመሙም በዚሁ ይታወቃል፦ ማስተካከያው መሐል ላይ ሆኖም የፊቱ ሌንስ ቤት ሲሽከረከር ከፍ ዝቅ ካለ ታጥፏል። የታጠፈ ቱቦ አይቃናም።

ውሃና ጉም

የቀድሞው ትውልድ መነጽሮች የጎማ ቀለበት ያልነበራቸው ብዙ ናቸው፤ የነበራቸውም ጎማው ደርቆ ተሰንጥቋል። መነጽሩን በፕላስቲክ ከረጢት አሽገው ለአንድ ሰዓት ማቀዝቀዣ ውስጥ ያኑሩት፤ በረዶ በሚሠራው ክፍል ውስጥ ግን አያስገቡ፤ ብርጭቆና አሮጌ ሙጫ እኩል ስለማይኮማተሩ ሊላቀቁ ይችላሉ። አውጥተው ውጩን ይጥረጉና ወደ ውስጥ ይመልከቱ። በውጭ ላብ መያዙ የተፈጥሮ ነው። የማይጠረግ ጉም ከታየ ውስጡ እርጥበት አለው።

«ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ነክሮ አረፋ ማየት» የሚባለው ሌላው ፈተና ትክክለኛነቱ ናይትሮጅን ለተሞላ መነጽር ብቻ ነው። ያልታሸገውን ከነከሩት ውስጡ ያለው አየር ሞቆ ይወጣል፣ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ውሃውን ወደ ውስጥ ይስባል። ፈተናው ራሱ ገዳይ ይሆናል ማለት ነው።

ጉም የሚይዝ መነጽር ሌላው ሁሉ ደህና ከሆነ ለደረቅ ወቅት አደን ይሠራል፤ ነገር ግን ከሞቀ ቤት ወደ ብርድ ሲወጡ ችግሩ ይብሳል። ከአደን በፊት ማታውኑ ውጭ፣ በተቆለፈና ቀዝቃዛ ቦታ ማሳደር ይሻላል።

ዓይን ምን ያህል ይርቃል?

ይህ ፈተና ሁለት ደቂቃ ይወስዳል፤ ግንባርን ያድናል። መነጽሩን ወደ ብርሃን መስኮት ያዙሩ፤ ከዓይን ሌንሱ ኋላ ነጭ ወረቀት ይያዙና ወደፊትና ወደኋላ ያንቀሳቅሱት። የብርሃኑ ክብ ትንሽና ጥርት ያለ በሚሆንበት ቦታ ላይ ከሌንሱ እስከ ወረቀቱ ያለውን ርቀት ይለኩ፤ ዓይንዎ መቆም ያለበት እዚያ ነው። የክቡን ስፋትም ይለኩት፤ የፊት ሌንሱን ስፋት በእሱ ሲያካፍሉ፣ ጽሑፉ የጠፋ መነጽርም ቢሆን ስንት ጊዜ እንደሚያጎላ ይነግርዎታል።

ከ75 እስከ 100 ሚሊሜትር የተለመደ ነው። ለኃይለኛ ጠመንጃ ከ85 በታች አልወድም። 50 ሚሊሜትር ከሆነ ለ.22 ወይም ለዒላማ ውድድር የተሠራ ነው፤ ትልቅ ጠመንጃ ላይ የብረቱ ጠርዝ ቅንድብ ይቀድዳል። ተቀምጠው ሽቅብ በሚተኩሱበት ጊዜ ደግሞ ርቀቱ ይበልጥ ያንሳል።

ፓራላክስ

ጠመንጃው እንደታሰረ ዓይንዎን ብቻ ወደ ግራ ቀኝ ሲያወዛውዙ መስቀሉ በዒላማው ላይ ከተንሸራተተ ፓራላክስ አለ። የአደን መነጽሮች በአብዛኛው በ100 ሜትር ወይም ያርድ፣ የ.22ዎቹ በ50 ያርድ አካባቢ ስሕተት እንዳይኖር ተደርገው ይወጣሉ። ትልቁን ስሕተት እንዲህ ያስሉ፦ የፊት ሌንሱን ስፋት ግማሽ ይውሰዱ፤ በዒላማውና በተስተካከለበት ርቀት ልዩነት ያባዙት፤ ለተስተካከለበት ርቀት ያካፍሉት። ባለ 40 ሚሊሜትር መነጽር በ100 ሜትር ተስተካክሎ በ200 ሜትር ሲተኮስበት ዓይን ጥግ ላይ ቢሆን 20 ሚሊሜትር ይስታል። ለአደን ይህ ከቁጥር አይገባም። በ50 ሜትር የተስተካከለው ግን በ200 ሜትር 60 ሚሊሜትር ይስታል፤ ይኼ ይቆጠራል።

መቀመጫና ቀለበት

«መነጽሩ ተበላሽቷል» ከሚባለው ብዙው የላላ ብሎን ነው። ስለዚህ ከመተኮስ በፊት ሁሉንም ፈትተው ቅባቱን ያጽዱ። የመቀመጫው ብሎኖች ጫፍ ከመዝጊያው ወይም ከበርሜሉ ጥርስ ጋር እንዳይነካካ ርዝመቱን ያረጋግጡ፤ አንዱ ብሎን ረዝሞ ሥሩን ከነካ የጠበቀ ይመስላል፣ መቀመጫውን ግን አልያዘም። የቀለበቱን ብሎኖች እያፈራረቁ ከ1.7 እስከ 2 ኒውተን ሜትር ያጥብቁ፤ በሁለቱም ጎን ያለው ክፍተት እኩል ይሁን። ቱቦው ላይ ጥልቅ የቀለበት ጠባሳ ካለ ቀድሞ ተንሸራትቶ ያውቃል ማለት ነው።

የፊቱ ቀለበት ተሽከርክሮ የሚገባበት የሬድፊልድ ዓይነት መቀመጫ ከሆነ ቀለበቱን በራሱ በመነጽሩ እንደ ማንሻ እያዞሩ አያስገቡ፤ ቱቦው የሚታጠፈው እዚያ ላይ ነው። 25.4 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የእንጨት ዱላ ይጠቀሙ። በጥፍር የሚነከሱት የጀርመን መቀመጫዎች በእጅ ለአንድ ጠመንጃ የተሠሩ ስለሆኑ ወደ ሌላ አያዛውሯቸው፤ አውጥተው ሲመልሷቸው ጠቅ ብለው መግባት አለባቸው፣ በጣት ሲወዘወዙ ምንም ማንቀጥቀጥ አይኖርም።

አሁን ተኩስ

ይህን ሁሉ ያለፈ መነጽር ጥይት ይገባዋል። በ25 ሜትር ሦስት ጥይት ተኩሰው ወረቀቱ ላይ ያምጡት፤ ከዚያ ወደ 100 ሜትር ይሂዱ። በአሸዋ ከረጢት ላይ ተደግፈው አምስት ጥይት ይተኩሱ፣ በርሜሉ እንዲቀዘቅዝ ይጠብቁ፣ ሌላ አምስት ይድገሙ። ጥይቶቹ በሁለት የተለያዩ ቦታዎች ከተሰበሰቡ፣ ለምሳሌ ሦስቱ አንድ ላይ ሆነው ሁለቱ 8 ሴንቲሜትር ራቅ ብለው አብረው ከተቀመጡ፣ መስቀሉ ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ እየዘለለ ነው። ዝም ብሎ የተበተነ ከሆነ ግን ጥፋቱ የጠመንጃው፣ የጥይቱ ወይም የተኳሹም ሊሆን ይችላል። ለመለየት የሚያምኑትን መነጽር በዚሁ ጠመንጃ ላይ አስረው ይድገሙ። ሌላ አቋራጭ የለም።

ቀጥሎ ሳጥን የሚባለው ሙከራ ነው። አንድ ጥይት ተኩሰው 24 ክሊክ ወደ ቀኝ ያዙሩ፣ ይተኩሱ፤ 24 ወደ ላይ፣ ይተኩሱ፤ 24 ወደ ግራ፣ ይተኩሱ፤ 24 ወደ ታች አድርገው አምስተኛውን ይተኩሱ። በሁሉም ጊዜ ያነጣጠሩበት ነጥብ አንዱ ነው። በሩብ ኤምኦኤ ክሊክ የሳጥኑ ጎን በ100 ሜትር 17.5 ሴንቲሜትር ይሆናል፤ አምስተኛው ጥይት ጠመንጃው በሚሰበስበው ልክ ውስጥ የመጀመሪያው አጠገብ መውደቅ አለበት።

ከዚያ ዜሮ አድርገው (ጥይቱ ያነጣጠሩበት ላይ እንዲያርፍ አስተካክለው) ማስተካከያውን ይዝጉት፤ 20 ጥይት ያህል በሁለት የተለያዩ ቀናት ይተኩሱበት፣ በመሐል መኪና ላይ ጭነው ያንቀጥቅጡት። የሁለተኛው ቀን የመጀመሪያ ጥይት፣ ከቀዝቃዛ በርሜል የምትወጣው፣ ከሁሉም በላይ የምትናገር ናት። በ100 ሜትር ከቀደመው መሐል ከ5 ሴንቲሜትር በላይ ከራቀች መነጽሩ ለአደን አይሆንም። ምክንያቱም የእንስሳው ቁልፍ ቦታ ወደ 20 ሴንቲሜትር ስፋት ነው፤ ከመሐል እስከ ዳሩ 10 ሴንቲሜትር ማለት ነው፣ ግማሹን መነጽሩ ብቻውን ከበላው ለነፋስ፣ ለትንፋሽና ለእጅ መንቀጥቀጥ የሚተርፈው ትንሽ ነው።

ሁለት ችግር ብቻ ያለበትን፣ ለምሳሌ ጉም የሚይዝና ቅባት የተነነበትን፣ ብርጭቆው ጥሩ ከሆነ ባለሙያ ከፍቶ አጽድቶ፣ ጎማውን ቀይሮ፣ ናይትሮጅን ሞልቶ ሊመልሰው ይችላል። ሞላው የደከመና ሙጫው የለቀቀ ግን ብዙ ጊዜ ጥገናው አያዋጣም። እንዲህ ያለውን ቤት ውስጥ አይፍቱት፣ ጥቁሩን ቀለም አይሞርዱት፣ አያድሱት፤ እንደነበረ ያለ አሮጌ ዛይስ፣ ሄንሶልት ወይም ካህለስ ለሰብሳቢ ከታደሰው ይበልጣል። ርግጫ በሌለው .22 ላይ ግን ብዙዎቹ ገና ብዙ ዓመት ያገለግላሉ።

ያለፈውን መነጽር ሲጨርሱ በቆቡ ውስጥ ትንሽ ፕላስተር ለጥፈው የማስተካከያዎቹን ቁጥር፣ የጥይቱን ዓይነትና ክብደት፣ የተስተካከለበትን ርቀትና ቀኑን በእርሳስ ይጻፉበት። ቀለበቱና ቱቦው በሚገናኙበት ላይም ቀጭን የጥፍር ቀለም መስመር ያስምሩ፤ መስመሩ ከተሰነጠቀ ወይም ከተላለፈ፣ ሌላ ሳይመረምሩ ቀድመው ብሎኖቹን ያያሉ።